ኮርሱን ድሮፕ ላድርግ (ከመሃል ልተወው) ወይስ ልጋፈጠው?

የአንድ ኮርስ ሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) ተበላሸብህ እንበል።

ድሮፕ ካደረግክ ትራንስክሪፕትህ ላይ ደብሊው (ኮርሱን አቋርጠሃል የሚል ምልክት) ይቀመጣል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ጂፒኤህን (አማካይ ውጤትህን) አይነካም። ቆይተህ ኤፍ ካመጣህ ግን ሂሳቡ ይከፋል፦ 15 ክሬዲት ይዘህ ሌላው ሁሉ ቢ ሆኖ አንድ ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ብትወድቅ፣ 3.0 ሊሆን የነበረው የሴሚስተሩ ጂፒኤ 2.4 ይሆናል። ስትደግመው አንዳንድ ቦታ አዲሱ ውጤት አሮጌውን ይተካል፣ ሌላ ቦታ ሁለቱም ይቆጠራሉ፤ መመሪያውን ራስህ አንብብ፣ የዶርም ወሬ አትመን።

ድሮፕም በነጻ አይደለም። ቀነ ገደብ አለው፣ ክፍያህ ላይመለስ ይችላል፣ ኮርሱ ለሌላ ቅድመ ሁኔታ ከሆነም ምረቃህን ይጎትታል። (ዝም ብሎ መቅረት ደግሞ ድሮፕ አይደለም!)

ፋይናሉ ብዙ ማርክ ከያዘና ሲ ከታየህ ቆይ። ታመህ ግማሹ ካመለጠህ ውጣ። ተመራቂ ከሆንክ ግን አማካሪህን ሳታናግር ምንም ፎርም አትሙላ።