«ኬብልና ዋይፋይ አጣምረን ፍጥነቱን እጥፍ እናደርጋለን» ለሚሏችሁ ብር አትክፈሉ

ቤት ለቤት ኮምፒውተር እናስተካክላለን የሚሉ ልጆች በሰፈራችን አዲስ ነገር ይዘው እየዞሩ ነው። ኬብሉን ከዋይፋዩ ጋር እናጣምረውና ኢንተርኔታችሁ እጥፍ ይፈጥናል ይላሉ። ጎረቤቴን 3,000 ብር አስከፍለዋታል። የሠሩትን ከፍቼ አየሁት።

ሁለቱን ኮኔክሽኖች መርጠው «ብሪጅ» የሚለውን ተጭነዋል። በቃ! ይሄ ከዊንዶውስ ጋር በነፃ የሚመጣ ነገር ነው። ሥራውም ሁለት ኔትወርኮችን ማገናኘት እንጂ ፍጥነት መደመር አይደለም። ለምሳሌ በኬብል ላፕቶፑ ላይ የተሰካ ሌላ ዕቃ በላፕቶፑ ዋይፋይ በኩል ኔትወርክ እንዲያገኝ ያደርጋል። ሁለቱም ጫፍ አንድ ራውተር ላይ ሲሆን ግን ምንም አይፈይድም፤ አንዳንዴ ጭራሽ ኔትወርኩን ያውካል።

ኬብሉም ዋይፋዩም የሚመጡት ከዚያው ራውተር ነዋ! ወርሃዊ የምትከፍሉት ለ25 ሜጋቢት ከሆነ ያው 25 ነው። ሮቶ ላይ ሁለተኛ ቧንቧ መግጠም ከመንገድ የሚገባውን ውኃ አያበዛም።

ዊንዶውስ እንደሆነ ሁለቱም ሲገናኙ ራሱ አንዱን ያስቀድማል። ለየመስመሩ ሜትሪክ የሚባል ቁጥር ይሰጣል፤ ቁጥሩ ያነሰው ይመረጣል። አብዛኛውን ጊዜ ኬብሉ ነው።

«ኧረ ፍጥነቱን ፊቴ ለክተው አሳይተውኛል» አለችኝ ጎረቤቴ። ብልሃቱ እዚህ ጋ ነው። መጀመሪያ ከራውተሩ ርቀው በዋይፋይ ብቻ ይለካሉ። ከዚያ ኬብል ይሰኩና እንደገና ይለካሉ። ቁጥሩ ይጨምራላ! የጨመረው ግን ኬብሉ ነው፣ እሱም የራሷ ኬብል። ሌላም አላቸው፤ ዊንዶውስ ላይ «1 ጊጋቢት» የሚል ጽሑፍ ያሳያሉ። እሱ ከኮምፒውተሩ እስከ ራውተሩ ያለው ብቻ ነው፣ ኢንተርኔቱ አይደለም።

ቤታችሁ ሁለት የተለያየ መስመር ካለ፣ ለምሳሌ የኢትዮ ቴሌኮም ፋይበርና የሳፋሪኮም 4ጂ ራውተር፣ ነገሩ ይለያል። ሁለት መስመር የሚቀበል ራውተር ሥራውን ያከፋፍላል፤ የእናንተ ዳውንሎድ በአንዱ፣ የልጆቹ ዩቲዩብ በሌላው ይሄዳል። የፍጥነት መለኪያው ብዙ ግንኙነት በአንዴ ስለሚከፍት ድምሩን ሊያሳይ ይችላል። አንድ የቪዲዮ ጥሪ ግን በአንዱ መስመር ብቻ ነው የሚሄደው። አንዱን ግንኙነት ከፋፍሎ በሁለቱም ለመላክ ከውጭ ሆኖ መልሶ የሚገጥም ሰርቨር፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ ያለ ሌላ ኮምፒውተር ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በየወሩ ይከፈልበታል። ሰርቨሩ የት እንደሆነ ጠይቋቸው። መልስ ከሌላቸው ብራችሁን ያዙ።

የከፈላችሁ ካላችሁ ዊንዶውስ ላይ «ኔትወርክ ኮኔክሽንስ» የሚለው ውስጥ ገብታችሁ ብሪጁን አጥፉት። የፕሮግራሞቻችሁንም ዝርዝር እዩ። ጎረቤቴ ላይ ኮምፒውተሩን ከሩቅ የሚቆጣጠሩበት ፕሮግራም ትተው ሄደዋል፣ ያለ እሷ ፈቃድ የሚከፈት ፓስዎርድ ሞልተውበት። እሱን ሳታጠፉ የባንክ አካውንታችሁን በዚያ ኮምፒውተር እንዳትከፍቱ።