አረንጓዴዋ መስኮት የማትናገረው፦ የቤት ሰርጅ ፕሮቴክተር ግምገማ

በቤቴ ዋና የማከፋፈያ ሳጥን ውስጥ ያስገጠምኩት ሰርጅ ፕሮቴክተር፣ ማለትም እንደ መብረቅ ካለ ምክንያት በቅጽበት የሚመጣን የቮልቴጅ ግፊት ከዕቃዎቻችን የሚከላከል መሣሪያ፣ ዓይነት 2 የሚባለው ሲሆን፣ አንዱ ክፍሉ በፌዝ (ኤሌክትሪክ በሚያመጣው ሽቦ) እና በኒውትራል (በመላሹ ሽቦ) መካከል፣ ሌላው በኒውትራልና በኧርዝ (ወደ ምድር በሚወርደው ሽቦ) መካከል ይሠራል። ፊቱ ላይ የሚጎላው ቁጥር 40 ኪሎአምፔር፣ ማለትም አንድ ጊዜ ሊያሳልፈው የሚችለው ከፍተኛ የግፊት ፍሰት ነው። እኔ ግን ስገዛ አስቀድሜ የተመለከትኩት ከሥር በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን 1.5 ኪሎቮልት ነው፤ ግፊቱ ሲመጣ ለዕቃዎቻችን የሚተርፈውን ቮልቴጅ የሚያሳየው እርሱ ነውና። በ230 ቮልት የሚሠሩ የተለመዱ የቤት ዕቃዎች እንዲቋቋሙት የሚጠበቀው የግፊት ቮልቴጅ 2.5 ኪሎቮልት ስለሆነ፣ በወረቀት ላይ በቂ ልዩነት አለ።

ይህ ልዩነት በሽቦ ርዝመት ብቻ ሊጠፋ ይችላል። መሣሪያውን የገጠመልኝ ባለሙያ ሥራው ንጹሕ ቢሆንም፣ ሽቦዎቹን በሳጥኑ ጠርዝ አዙሮ ስላሳለፋቸው የፌዙና የኧርዙ መገናኛ በድምሩ ወደ 1.2 ሜትር ደርሶ ነበር። በፍጥነት የሚያድግ የመብረቅ ፍሰት በአንድ ሜትር ሽቦ ላይ እስከ 1 ኪሎቮልት የሚጠጋ ቮልቴጅ ስለሚፈጥር፣ የእኔ 1.5 ኪሎቮልት ሳይታወቀኝ ወደ 2.7 ከፍ ብሎ ነበር ማለት ነው። ከግማሽ ሜትር እንዳይበልጥ የሚመከረውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሽቦዎቹ አጥረውና ቀጥ ብለው እንደገና ታሰሩልኝ። ለሳጥኑ ውበት ሲባል ሽቦን ማጠማዘዝ እዚህ ቦታ ላይ አይሠራም።

የኧርዙ ጉዳይ ከዚህም ይከብዳል። መሣሪያው ግፊቱን አያጠፋውም፤ አቅጣጫውን ለውጦ ወደ ምድር ይሰደዋል እንጂ። ከወራት በኋላ መሬት ውስጥ የተቀበረውን የኧርዝ ዘንግ ሳስፈትሽ ሽቦው ከዘንጉ ጋር የሚታሰርበት ክላምፕ ዝጎና ላልቶ ተገኘ፤ በመሣሪያው ፊት ላይ ሁኔታውን በቀለም የምታሳየው ትንሽ መስኮት ግን ያን ጊዜ ሁሉ አረንጓዴ ነበረች። አልዋሸችም፤ የምትናገረው በውስጡ ያለው ቫሪስተር፣ ማለትም ቮልቴጅ ሲበዛ ግፊቱን የሚያሳልፈው ክፍል፣ አለመቃጠሉን ብቻ ነው፣ ስለ ኧርዙ የምታውቀው ነገር የለም። ለሰርጅ ፕሮቴክተሩ ብቻ ሌላ ዘንግ ቀብሮ ከቤቱ ኧርዝ ነጥሎ መተውም አደገኛ ስሕተት ነው፦ ግፊት በመጣ ቅጽበት በሁለቱ ዘንጎች መካከል ሺህ ቮልቶች ሊፈጠሩ ይችላሉ፣ ያም ልዩነት የሚያርፈው ከሁለቱም ጋር በተገናኘው ዕቃ ላይ ነው። የዲሽ ገመድ ሽፋንም ሆነ የብረት የውኃ ቧንቧ ከአንዱ ዋና የኧርዝ ባር ጋር መተሳሰር አለባቸው።

በተረፈ በመሣሪያው አሠራር ላይ የማነሣው ቅሬታ የለም። መገናኛዎቹ ጠንካራ ናቸው፤ መስኮቷ ከቀላች መሠረቱ ሳይነካ የውስጡን ካርትሪጅ ብቻ አውጥቶ መተካት ይቻላል።

ኒውትራል ተቆርጦ ለደቂቃዎች የሚቆይ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሲመጣ ግን ከዚህ መሣሪያ ጥበቃ መጠበቅ አይገባም። የተሠራው በሚሊዮንኛ ሰከንድ ለሚለካ ግፊት ስለሆነ፣ እንዲህ ያለው ጫና ሲበዛበት እርሱ ራሱ ግሎ ከመስመሩ ይቋረጣል። ለዚህ ሥራ የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ሪሌ፣ ማለትም ቮልቴጁ ከልክ ሲያልፍ መስመሩን የሚያቋርጥ መሣሪያ፣ ያስፈልጋል፤ በሳጥኑ ውስጥ ከጎኑ ባዶ ቦታ አስቀርቼለታለሁ።