የበግ ለምድ የለበሰ ዶሮ፦ «ለአለርጂ ተስማሚ» የሚባል የውሻ ምግብ ስትገዙ ተጠንቀቁ

ውሻችሁ እግሩን እየላሰ፣ ጆሮውን እየቧጨረ እንቅልፍ ከነሳችሁ «ለአለርጂ ተስማሚ» የሚል ከረጢት ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ሸወዳው ብዙ ነው።

የእኔ ውሻ ዶሮ አይስማማውም። ሐኪም ያረጋገጠው ነው፤ ለሻጩም ነግሬዋለሁ። «ችግር የለም፣ ይሄ በግ ብቻ ነው» ብሎ ከተለመደው በጣም የሚወደደውን ሰጠኝ። ከረጢቱ ፊት ላይ ለምለም ሣር ላይ የቆመ በግ አለ። ጀርባው ላይ፣ የይዘት ዝርዝሩ መሀል ላይ፣ የዋጋ ወረቀት ተለጥፎበታል። ቤት ገብቼ ወረቀቱን በጥፍሬ ስልጠው ከሥሩ ብቅ ያለው «የዶሮ ሥጋ ዱቄት» ነው። ያውም ሦስተኛ ተራ ላይ! ዝቅ ሲል ደግሞ የደረቀ እንቁላል አለ። ማሸጊያውን ሳልከፍት ልመልስ ብሄድ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተባልኩ።

ሦስተኛ ተራ ቀላል ነገር አይደለም። ዝርዝሩ የሚጻፈው በክብደት ነው፤ ብዙው ይቀድማል። ግን እዚህ ላይም ብልሃት አለ። ክብደቱ የሚለካው ምግቡ ከመብሰሉ በፊት ነው። ትኩስ የበግ ሥጋ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ከነውሃው ተመዝኖ አንደኛ ይወጣል። የዶሮ ዱቄቱ ግን ደረቅ ነው። ከኋላ ተሰልፎም በፕሮቲን ሊበልጠው ይችላል። እንግዲህ «የበግ ምግብ» የተባለው ይሄ ነው።

የስሙም ነገር እንዲሁ ነው። በአሜሪካው የመለያ ደንብ መሠረት ምግቡ በደፈናው «በግ» ከተባለ፣ ለማዘጋጃ የተጨመረው ውሃ ሳይቆጠር ቢያንስ 95 በመቶው በግ መሆን አለበት። «ዲነር» (እራት) የሚል ቃል ከተጨመረበት ወደ 25 በመቶ ይወርዳል። «በግ ያለበት» ከተባለ 3 በመቶ ይበቃዋል። «የበግ ጣዕም» ከሆነማ ጣዕሙ እስከተለየ ድረስ መጠን እንኳ አልተቀመጠለትም። የቀረውን የሚሞላው ሌላ ሥጋ ሊሆን ይችላል። አለርጂ ላለበት ውሻ ጉዳዩ ያ የቀረው ነው።

«የሥጋ ዱቄት»፣ «የእንስሳት ተረፈ ምርት» የሚል ካያችሁም ተዉት። የየትኛው እንስሳ? ካልተጻፈ ማወቂያ የላችሁም። ዛሬ የበሬ፣ በሚቀጥለው ምርት የዶሮ ሊሆን ይችላል።

«እህል የሌለበት» የሚለውም ብዙ ሰው ያታልላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የ297 ውሾችን መረጃ ያሰባሰበ ጥናት አለ፤ ሁሉም ምግብ የማይስማማቸው ነበሩ። 34 በመቶዎቹን ያስቸገራቸው የበሬ ሥጋ ነው። የወተት ተዋጽኦ 17፣ ዶሮ 15፣ ስንዴ 13 በመቶ። በግ እንኳ 5 በመቶ አለው። ስለዚህ ስንዴውን አውጥቶ ዶሮውን እዚያው መተው ለብዙዎቹ ምንም አይፈይድም። በዚያ ላይ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2018 እህል አልባ በሆኑና አተርና ምስር በበዛባቸው ምግቦች እና በአንድ የውሻ ልብ ሕመም መካከል ግንኙነት ይኖር እንደሆነ መመርመር ጀምሮ ነበር። መንስኤው ያ ነው ተብሎ አልተረጋገጠም። ቢሆንም ያለ ሐኪም ምክር ዘላችሁ የምትገቡበት ነገር አይደለም።

በግም ሆነ ዓሣ በራሱ ፈውስ የለውም። ዋናው ውሻው ከዚህ በፊት በልቶት የማያውቅ ፕሮቲን መሆኑ ነው። እስካሁን የበላውን ሁሉ፣ ብስኩቱንም ጭምር፣ ጻፉና ከዝርዝሩ ጋር አመሳክሩ።

ዝርዝሩ ንጹሕ ቢሆንስ? እሱም ዋስትና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ለአለርጂ ውሾች ተብለው የተዘጋጁ 12 ደረቅ ምግቦችን ፈትሾ በ10ሩ ውስጥ መለያው ላይ ያልተጻፈ የእንስሳ ቅሪት አግኝቷል። ለዚህ ነው ሐኪሞች ለምርመራ ጊዜ ከመደርደሪያ ያለውን ትተው ፕሮቲኑ በጣም ተሰባብሮ የተዘጋጀውን የሐኪም ምግብ የሚያዙት። ይወደዳል፣ አልክድም። ግን ሦስት የተሳሳተ ከረጢት ከመግዛት ይሻላል።

ሌላው ገንዘብ የሚበላው በጸጉር ወይም በምራቅ የሚሠራው «የአለርጂ ምርመራ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ጥናት ተመራማሪዎች ከእውነተኛ ውሾች ናሙና ጋር የአሻንጉሊት ጸጉርም ላኩ። አሻንጉሊቱም አለርጂ አለበት ተብሎ መጣ! ለዚህ እንዳትከፍሉ።

የሚታመነው ዘዴ አሰልቺ ነው። ቢያንስ 8 ሳምንት ያ የተመረጠው ምግብ ብቻ ይሰጣል፤ ሌላ ምንም የለም። ማሳከኩ ከቀነሰ የድሮው ምግብ ተመልሶ ይሞከራል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ካገረሸ ተረጋገጠ ማለት ነው። በመሀል ከጠረጴዛ የወደቀ ቁራሽም፣ የበሬ ጣዕም ያለው የትል ክኒንም ልፋቱን ያበላሸዋል። ክኒኑን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ጣዕም የሌለው እንዳለ ሐኪሙን ጠይቁ። ደግሞ የሚያሳክከው ሁሉ ምግብ ነው ማለት አይደለም። ቁንጫና የአካባቢ አለርጂ ይበዛሉ፤ መጀመሪያ እነሱ ይታዩ።

ስለ እኔ ጉዳይ፣ ደረሰኙንና የከረጢቱን ፎቶ አያይዤ አቤቱታ አስገብቻለሁ። እናንተም ተመሳሳይ ነገር ከደረሰባችሁ ከረጢቱን አትጣሉት። የምርት ቁጥሩ የታተመበትን ጠርዝ ይጠይቋችኋል።