ለቤታችን ኢንተርኔት መላ ላበጀልን ወጣት ምስጋና፣ ለምትፈልጉም ጥቆማ

እስካለፈው ወር ድረስ ኢንተርኔት አስገብተን ኢንተርኔት ያጣን ቤተሰብ ነበርን። ወርሃዊውን ክፍያ ሳናዛንፍ እንከፍላለን፣ ራውተሩም ቀን ከሌት ብልጭ ድርግም ይላል፤ ነገር ግን ሳሎን ያለው ሲጠቀም መኝታ ቤት ያለው ይቋረጥበታል። ሰርቪስ ቤት ገብቶ የሚያጠናው ልጄ ደግሞ የዋይፋዩ ስም ይታየዋል እንጂ አንድ ገጽ እንኳ አይከፍትለትም። ከዚህ ጣጣ ያወጣንን ባለሙያ በአደባባይ ላመሰግነው፣ አዲስ አበባ ውስጥ ተመሳሳይ ችግር ላለባችሁም ልጠቁመው ፈልጌ ነው ይህን የምጽፈው።

እኔ ቤቴ ሆኜ የትናንሽ ድርጅቶችን ሂሳብ እሠራለሁ። ግብር የማሳወቂያው ቀን ሲደርስ መስመሩ ከተቋረጠ ቅጣቱ የሚያርፈው ደንበኞቼ ላይ ነው። እናቴ ደግሞ እሁድ እሁድ ሜሪላንድ ካለችው እህቴ ጋር በቪዲዮ ትነጋገራለች፤ ሳምንቱን ሙሉ ጠብቃ ምስሉ ሲደርቅባት፣ «ተዪው በቃ» ብላ ስልኩን ስታስቀምጥ ማየት በጣም ይከብደኝ ነበር።

ከእሱ በፊት ሁለት ሰዎች መጥተዋል። አንደኛው «መስመሩ ደካማ ነው፣ ፓኬጅ አሳድጉ» አለን፤ አሳደግን፣ ለውጥ የለም። ሁለተኛው ተጨማሪ ራውተር ሸጦልን፣ ከነባሩ ጋር በገመድ አያይዞት ሄደ። ሁለት ቀን ደህና ሆነና ከዚያ ከበፊቱም ባሰ። በዚህ መሃል አንዲት ወዳጄ ይህን ልጅ ጠቆመችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እመጣለሁ ባለው ሰዓት መጣ። ራውተሩን ከመንካቱ በፊት ስንት ኮምፒውተር እንዳለን፣ ማን የት ቁጭ ብሎ ምን እንደሚሠራ ጠየቀኝ፣ የቤቱንም ንድፍ ወረቀት ላይ ሳለ። ከዚያ የራሱን ላፕቶፕ በገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኝቶ ፍጥነቱን ለካ። የምንከፍልበት ፍጥነት ሙሉ በሙሉ ይገባል። «እትዬ፣ መስመሩ ጤነኛ ነው። የምትከፍሉበት እዚህ ሳጥን ድረስ ይደርሳል፤ የሚባክነው ከሳጥኑ እስከ ኮምፒውተራችሁ ባለው መንገድ ነው» አለኝ። ስንት ወር ተንገላተን፣ ይህን ለክቶ የነገረን ሰው አልነበረም። ፓኬጁንም ወደ ቀድሞው እንድንመልሰው የመከረን እሱ ነው፤ መልሰናል፣ የጎደለብን ነገር የለም። ሳላውቀው የኖርኩትን አንድ ነገርም አስረዳኝ፦ የፓኬጁ ሜጋ የሚቆጠረው በቢት ነው፣ የምናወርደው ፋይል ግን በባይት። አንድ ባይት ስምንት ቢት ስለሆነ 10 ሜጋ መስመር ቢበዛ በሰከንድ 1.25 ሜጋባይት ነው የሚያወርደው፤ እሱንም በአንድ ጊዜ የተገናኙት ሁሉ ይካፈሉታል።

ቀጥሎ ስልኩን ይዞ ከክፍል ክፍል እየዞረ የሲግናሉን ጉልበት ለካ። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው፣ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይሻላል። ሳሎን ውስጥ ከዜሮ በታች 45 ነበር፤ ሰርቪስ ቤት ስንደርስ ከዜሮ በታች 86። ምክንያቱ ራውተሩ ቡፌው ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ መቀመጡ ነው። በዚያ ላይ መሃል ቤት የብረት ኮንክሪት ምሰሶ አለ፣ ሰርቪስ ቤቱ ደግሞ በቆርቆሮ የተሠራ ነው። ቆርቆሮ ሲግናል መልሶ ይገፋል እንጂ አያሳልፍም። እናም ራውተሩን ከቡፌው አውጥቶ ኮሪደሩ ላይ፣ ከሰው ቁመት ከፍ አድርጎ ሰቀለው። እናቴ «ሳሎኑ አያምርም» ብላ ነበር፤ የእሁዱ ቪዲዮ ሳይቆራረጥ ካለቀ በኋላ ግን ራሷ ናት የመረቀችው።

ዋናው ሕመም ግን የሁለቱ ራውተሮች ነበር። ሁለቱም 192.168.1.1 የሚል አንድ አድራሻ ይዘዋል፣ ሁለቱም ለኮምፒውተሮቻችን አድራሻ ያድላሉ። «አንድ ቀበሌ ውስጥ ሁለት ሰው የቤት ቁጥር ሲያድል አስቡት» አለ ለልጄ፤ ልጁም ወዲያው ገባው። ሁለተኛውን ራውተር 192.168.1.2 አደረገው፣ አድራሻ ማደሉን አጠፋበት፤ አሁን ከዋናው የመጣውን ወደ አየር ማስተላለፍ ብቻ ነው ሥራው። አዲስ ዕቃ መሸጥ ይችል ነበር፣ ግን በእጃችን ባለው ሠራ።

ያንን ራውተር ሰርቪስ ቤት ለማድረስ 22 ሜትር ገመድ በኮርኒስ በኩል ዘረጋ፤ ውጭ የሚያልፈውን ክፍል ፀሐይና ዝናብ እንዳይጎዳው በፕላስቲክ ቱቦ ከተተው። እንዲህ ያለው ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ ይሠራል። ሱቅ አብረን ሄደን መዳብ የተቀባውን አሉሚኒየም ትቶ ንጹህ መዳቡን መረጠ፤ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን አይሰባበርም። የተረፈውን ገመድ ጠቅልሎ ከደረሰኙ ጋር አስረከበኝ።

የጎረቤት ዋይፋይ ሁሉ ቻናል 6 በሚባለው የሞገድ መስመር ላይ ተጨናንቆ ስላገኘው አንዱን ራውተራችንን ወደ 1፣ ሌላውን ወደ 11 ወሰደው፤ በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ላይ የማይደራረቡት እነዚህ ሦስቱ ናቸው። ሳሎን ውስጥ ላሉት ላፕቶፖች ፈጣኑን 5 ጊጋኸርዝ አደረገላቸው፤ 2.4ቱን ግን ግድግዳ የተሻለ ስለሚያልፍ ለራቁት ተወው። ዋይፋይ የሌለውን አሮጌ ዴስክቶፔን ልቀይረው ነበር፤ አውራ ጣት የምታክል በዩኤስቢ የምትሰካ መቀበያ ገዝቶ ገጠመለትና እስካሁን የምሠራው በእሱ ነው።

የደንበኞቼ ሰነድ ያለበት ኮምፒውተር ጉዳይ በተለይ ያሳስበኝ ነበር፤ የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። እሱንም፣ ራውተሩ ከፋብሪካ ይዞት የመጣውንም የይለፍ ቃል ቀየራቸው፣ ምስጠራውን ደብልዩ ፒ ኤ 2 አደረገው፣ የይለፍ ቃል ሳይጻፍ ቁልፍ በመጫን ብቻ የሚያገናኘውን ደብልዩ ፒ ኤስ ዘጋው። ለእንግዳ ሌላ ስም ያለው ዋይፋይ ከፈተልን፤ በእሱ የገባ ሰው ኢንተርኔት ያገኛል እንጂ ኮምፒውተሮቻችንን አያይም። አንዱን ፕሪንተር ከሁሉም ክፍል እንድናዝዘው አደረገ። መብራት ሲጠፋ ለሚያገለግለው ትንሽ ባትሪም የአንዱ ራውተር 12 ቮልት፣ የሌላው 9 ቮልት መሆኑን አሳይቶ እንዳናምታታ አስጠነቀቀን። ሁሉንም በወረቀት ጽፎ ቡፌው በር ላይ ከውስጥ ለጥፎልናል።

ከሳምንት በኋላ መብራት ሄዶ ሲመጣ ፕሪንተሩ ጠፋብን። ደወልኩለት። አድራሻው ተቀይሮበት ኖሯል፤ ቋሚ አድራሻ እንዴት እንደሚያዝለት ለልጄ በስልክ እየነገረ በራሱ እጅ አሠራው። አንድ ብር አልጠየቀም። በሥራው ቀንም ከተስማማንበት ሂሳብ ፈቀቅ አላለም።

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። ቤተሰቤ በሙሉ ያመሰግንሃል።

ስሙንና ስልኩን እዚህ አላወጣሁም፤ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ እንድሰጥ ግን ፈቅዶልኛል። በቀን አንድ ቤት ብቻ ስለሚይዝ ተራ እስኪደርሳችሁ ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ሥራ ላይ እያለ ስልክ ስለማያነሳ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ደውሉለት። ከመምጣቱ በፊት ኢንተርኔቱ ሲገባላችሁ የተሰጣችሁን የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ፈልጋችሁ አስቀምጡ፣ እኛ እሱን ስንፈልግ አንድ ሰዓት አባክነንበታል። መሰላልም ተዋሱለት፣ በታክሲ ስለሚመጣ የራሱን አይዝም።