ከባቱ እስከ አሞራ ገደል፦ ለሁለት ሰው የሐይቅ ዳር አሳና አዳር

ሐዋሳ ላይ አሳ የሚበላው ጠዋት ነው። መረቡ ማታ ተጥሎ ያድራል፣ ጎህ ሲቀድ ይነሳል፣ ጀልባዎቹ አሞራ ገደል ሲደርሱ ገበያው ይደራል። ከ1 እስከ 3 ሰዓት የደረሰ የሌሊቱን አሳ ያገኛል። ለምሳ ብሎ 7 ሰዓት ላይ የመጣ ደግሞ ያንኑ አሳ ግማሽ ቀን ሙቀት ከጠጣ በኋላ ይበላዋል። ስለዚህ በሐይቆቹ ዳር ከአዲስ አበባ የምትወርዱ ጥንዶች አዳራችሁን በአሳው ሰዓት አስሉት፦ የመጀመሪያውን ሌሊት ላንጋኖ፣ ሁለተኛውን ሐዋሳ፣ በማግስቱ ቁርስ አሞራ ገደል።

አሞራ ገደል የተነጠፈ ጠረጴዛና አስተናጋጅ ለሚፈልግ ሰው አይሆንም። የአሳ ገበያ ነው፤ መሬቱ እርጥብ ነው፣ ዝንብ አለ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አንገታቸውን ቀብረው አንጀት እስኪጣልላቸው ይጠብቃሉ። በር ላይ የመግቢያ ይከፈላል፤ ዝርዝር ብር ያዙ። ከማዘዛችሁ በፊት አሳውን እዩት። ዓይኑ ጥርት ያለና ወጣ ያለ፣ ስንጥቡ ሲገለጥ ቀይ፣ ሆዱ ሲጫኑት የሚመለስ ከሆነ የዛሬ ነው። ስንጥቡ ወደ ቡናማ ከሄደ እለፉት።

ለጥብስ ቆሮሶን (ቲላፒያን) የሚያህል የለም። አምባዛ ስብ ስላለው ለጉላሽ ይሻላል፣ ዘይት ውስጥ ሲገባ ይከብዳል። ቆሮሶ አጥንቱ ተለይቶ ሥጋው ብቻ ሲወጣ ከክብደቱ የሚተርፈው ሲሶው ገደማ ነው፤ 400 ግራም የሚመዝን አሳ ከ130 ግራም ብዙም አይበልጥም። ለዚህ ነው ኮተሌት ያዘዘ ጥንድ ሳይጠግብ የሚነሳው። ሙሉውን አስጠብሱት፤ ከጭንቅላቱ ሥርና ከጎድኑ መሀል የሚለቀመው ሥጋ ሜዳ ላይ አይወድቅም። ለሁለት ሰው ሁለት መካከለኛ ቆሮሶ፣ አንድ የአሳ ሾርባና ዳቦ ይበቃል። ሥጋውን ብቻ ካላችሁ ግን አሳውን ከሚገፍፉት ልጆች አንዳንዱ ቆዳውን በጥርሱ ነክሶ ስለሚስበው «በቢላ» ብላችሁ ቀድማችሁ ንገሩ።

ጥብሱን የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ዘይቱ ነው። መጥበሻውን ሳታዩ አትዘዙ። ዘይቱ ጠቁሮ አረፋ የሚያወጣ ከሆነ ስንት አሳ እንደወጣበት አይታወቅም፣ አሳውም ይመራል፤ ወደ ቀጣዩ መጥበሻ እለፉ። ሳይግል የገባበት አሳ ዘይት ይጠጣል፣ ቆዳውም መጥበሻው ላይ ይቀራል። ከመጠን በላይ የጋለ ከሆነ ደግሞ ውጪው ይከስልና የጀርባ አጥንቱ አጠገብ ጥሬ ይሆናል። በሁለቱም ጎን እስከ አጥንቱ መተልተሉ ለዚሁ ነው። ሲቀርብላችሁ ከጀርባው በጣት ሳብ አድርጉት፤ ሥጋው ነጭ ሆኖ ከአጥንቱ ከተላቀቀ በስሏል፣ ሮዝ ሆኖ ከያዘ ወደ መጥበሻው ይመለስ። የሚቀየም የለም።

ዳጣው ለብቻ ይምጣ። ከላይ ከፈሰሰ ያ ሁሉ የተደከመበት ቆዳ ይርሳል። አረንጓዴውና ቀዩ ሁለቱም ከቀረቡ አረንጓዴው ለቆሮሶ ይስማማል፤ ቃሪያው፣ ነጭ ሽንኩርቱና በሶብላው የአሳውን ጣዕም አይሸፍኑም።

ጥሬውን በሎሚና በሚጥሚጣ የሚበሉ ብዙ ናቸው። አይመከርም። ሎሚ የሥጋውን ቀለም ያነጣዋል እንጂ ጥገኛ ትል አይገድልም፤ የሚገድለው እሳት ነው፣ ወይም ደህና አድርጎ የሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር፤ ያ ደግሞ ሐይቅ ዳር የለም።

በዐቢይ ጾም ገበያው ይጨናነቃል፣ ዋጋው ይወጣል፣ አሳው ያንሳል። አሳ የጾም ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር ለባለቤቶቹ ይቆይ፤ ነጋዴው ግን ወስኖ ጨርሷል። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት በሥራ ቀን ብትመጡ የተሻለ ትመርጣላችሁ።

ወደ መንገዱ እንመለስ። በመንገዱ የመጀመሪያው የአሳ ማረፊያ ባቱ (ዝዋይ) ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሞጆ የሚነሳው ፈጣን መንገድ እዚያ ድረስ ያደርሳል። ከረፋዱ በፊት ካልደረሳችሁ ጥብሱን ተዉትና ጉላሽ እዘዙ፤ ቲማቲሙና ሽንኩርቱ የቆየ አሳን ይታገሡታል። የካስቴል የወይን እርሻ ያለውም እዚሁ ባቱ ነው። የሪፍት ቫሊ ነጩ ሻርዶኔ በደንብ ከቀዘቀዘ ለጥብስ ይሄዳል፤ ዳጣ የሚያበዛ ሰው ግን ለስለስ ያለ ጣፋጭነት ያለውን አካሺያ ቢይዝ አፉን ያሳርፋል። ጠርሙሱ ለማታ ነው፤ የሚነዳው ሰው ውሃ ይጠጣ። ከባቱ በኋላ ጋሪ፣ ባጃጅና ከብት መንገዱን ይጋራሉና ሳይመሽ ግቡ።

ላንጋኖ ለመኝታና ለዋና ነው። ውሃው ቡናማ መሆኑ አያስፈራችሁ፤ ደለል ነው፣ ቢልሃርዚያም የለበትም ይባላል። ባቱና ሐዋሳ ላይ ግን አትዋኙ። ቅዳሜና እሑድ ሪዞርቶቹ በቡድንና በሙዚቃ ይሞላሉ፤ ጸጥታ የፈለገ ጥንድ ከእሑድ ማታ እስከ ሐሙስ ይያዝ። በምሥራቁ ዳርቻ ያሉት ሎጆች ዛፍና ወፍ አላቸው፣ ነገር ግን ጥርጊያ መንገዱ በክረምት ዝቅ ያለ መኪና አያሳልፍም። ስትደውሉ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ዋጋው ምግብን ይጨምራል ወይ፣ ጄነሬተሩ ስንት ሰዓት ይጠፋል። እራት ላይ አሳ ካለ «መቼ የገባ ነው?» በሉ፤ መልሱ ከተንገዋለለ የበግ ጥብስ አዝዛችሁ ተኙ።

ሐዋሳ ላይ አልጋ ስትመርጡ ከሐይቁ እይታ ይልቅ ለአሞራ ገደል ያለውን ቅርበት አስቡ፤ ጠዋት በባጃጅ አምስት ደቂቃ ከሆነ በቂ ነው። ማታ አሳውን አሳርፉትና የሲዳማን ቡርሳሜ ፈልጉ፤ በቅቤ የታሸ ቆጮ ነው፣ በሸክላው ሻፌታ ከወተት ወይም ከእርጎ ጋር ይቀርባል። ቅቤው ብዙ ስለሆነ አንድ ሻፌታ ለሁለት ሰው ይተርፋል።

ለቤት አሳ የምትገዙ ከሆነ ሆዱና ስንጥቡ እዚያው ይውጣ፤ መበላሸት የሚጀምረው ከእነሱ ነው። በፌስታል ታፍኖ ከኋላ ሻንጣ የተጣለ አሳ 275 ኪሎ ሜትሩን አይችልም። በረዶ ያለበት ሳጥን ያዙ፣ የሚቀልጠው ውሃ አሳውን እንዳይዘፍቀው ከሥር ማስወጫ ይኑረው፣ ሳጥኑም እስከ አዲስ አበባ አይከፈት።