የውስጥ ደዌ ኢንተርንነት በከተማው ዳር

ኢንተርን (የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪ) ሆናችሁ ምርጫ ካላችሁ ከአዲስ አበባ አቃቂ ወዲያ ያለ ሆስፒታል አይናቅ። ጉልበት ይጨርሳል፤ እጅ ግን ያፍታታል። ኢንተርኑ ደም ይቀዳል፣ ናሙና ያደርሳል፣ ውጤት ያሳድዳል፤ ዲውቲ (ተረኛ ሆኖ) አድሮም የጠዋት ራውንድ (በሽተኞችን ከሐኪሞች ጋር እየዞሩ ማየት) ይጠብቀዋል። ቤት ቅርብ ተከራዩ፤ ከዲውቲ ወጥቶ ታክሲ መሰለፍ አያዋጣም።

ዋናው ትምህርት ከስኳር ሕመም የሚመጣው ኪቶአሲዶሲስ ነው፤ ኢንሱሊን ሲያንስ ኪቶን የተባለ አሲድ በደም ውስጥ ይጠራቀማል። የደም ፖታሲየም ከ3.5 mmol/L በታች ከሆነ ኢንሱሊን አይጀመርም፤ መጀመሪያ ፖታሲየሙ ይተካል። ኢንሱሊን ፖታሲየምን ወደ ሴል ስለሚያስገባ በደም ያለው ይብሱን ይወርድና የልብ ምት ይዛባል። ስኳር በየሰዓቱ ይለካል። ከ250 mg/dL ሲወርድ ዴክስትሮስ (በደም ሥር የሚሰጥ ስኳር) ይጨመራል እንጂ ኢንሱሊኑ አይቋረጥም። ሌሊት ስህተት የሚበዛው እዚህ ላይ ነው፦ «ስኳሩ ወርዷል» ተብሎ ኢንሱሊኑ ይቆምና ንጋት ላይ ኪቶኑ ተመልሶ በሽተኛው እንደገና ማለክለክ ይጀምራል።

የሆስፒታሉ ላብራቶሪ ማታ ኤሌክትሮላይት (ፖታሲየምን የመሰሉ የደም ጨዎች ምርመራ) የማይሠራ ከሆነ ግን ሌላ ቦታ ፈልጉ።