ላይን ሌቭል ለአዳማ ተዳፋት፦ ሁለት ዘንግ፣ አንድ ሲባጎ፣ አንድ ውሃ ልክ

አዳማ ዙሪያዋን ኮረብታ ነው፤ ክረምት ሲገባ ከዳገቱ የሚወርደው ጎርፍ መንገዱንም ግቢውንም ይፈትናል። እዚህ እርከን ለሚቀይስም ሆነ የግቢ ቦይ ለሚያወጣ ሰው፣ ካሉት የተዳፋት መለኪያዎች ሁሉ ላይን ሌቭልን እናስቀድማለን። ርካሽ ነው፣ ባትሪ አይፈልግም፣ በአግባቡ ከተያዘ ደግሞ አይዋሽም።

ዕቃው ይህን ያህል ነው፦ ወደ 11 ሜትር የናይለን ሲባጎ፣ በሴንቲ ሜትር ምልክት የተደረገባቸው ሁለት የ2 ሜትር ዘንጎች፣ በሁለት መንጠቆ ሲባጎው ላይ የምትንጠለጠል ትንሽ ውሃ ልክ። ሦስት ሰው ይበቃል፤ ሁለቱ ዘንግ ይይዛሉ፣ አንዱ መሀል ቆሞ አረፋዋን ያያል።

ልኬቱ ውሃ በሚሄድበት አቅጣጫ፣ ቀጥ ብሎ ቁልቁል ይሁን። አቅጣጫው ካልታወቀ ትንሽ ውሃ አፍስሶ ማየት ነው፤ ዳገቱን በጎን አቋርጦ የተለካ መሬት ከሆነው ይበልጥ ለጥ ያለ ይመስላል። በዘንጎቹ መካከል ያለው ሲባጎ ልክ 10 ሜትር ይሁን። ታች ባለው ዘንግ ላይ በ150 ሴንቲ ሜትር ይታሰራል፤ ላይ ያለው ሰው አረፋዋ መሀል እስክትገባ ሲባጎውን በዘንጉ ላይ ዝቅ ያደርጋል። 68 ላይ ከቆመ ልዩነቱ 82 ሴንቲ ሜትር ነው። 0.82 ለ10 ተካፍሎ በ100 ሲባዛ 8.2 በመቶ ይመጣል። በ10 ሜትር ሲባጎ የሴንቲ ሜትሩን ልዩነት ለ10 ማካፈል ብቻ ይበቃል፤ ማሳ ላይ ካልኩሌተር የሚፈልግ የለም። በዚህ አያያዝ ከ15 በመቶ በላይ አይለካም። ዳገቱ ሲበረታ ሲባጎውን 5 ሜትር አድርጎ ለ5፣ በጣም ሲበረታ 2 ሜትር አድርጎ ለ2 ማካፈል ነው። አንድ ልኬት ግን ማሳውን አይወክልም፤ ቢያንስ ሦስት ቦታ ለክቶ አማካዩን መያዝ፣ ዳገቱ በግልጽ የሚለወጥበትን ቦታ ደግሞ ለብቻው ማስላት ያስፈልጋል።

ስህተት የሚገባው ብዙውን ጊዜ በሦስት በር ነው። አንደኛው የውሃ ልኳ ቦታ ነው። ሲባጎ ምንም ቢወጠር መሀሉ ትንሽ ይረግባል፤ ስለዚህ አረፋዋ እውነት የምትናገረው ውሃ ልኳ በትክክል መሀል፣ በ10 ሜትር ሲባጎ 5 ሜትር ላይ፣ ስትሆን ብቻ ነው። ሲባጎው ላይ መሀሉን በቀለም ምልክት ማድረግ ይሻላል። ሁለተኛው የዘንጉ እግር ነው። የአካባቢው አፈር ልል በሆነበት ቦታ ዘንግ ሳይታወቅ ይሰምጣል፤ 5 ሴንቲ ሜትር ከሰመጠ 0.5 በመቶ ተሳሳተ ማለት ነው፣ 3 በመቶ በሆነ ማሳ ላይ ይህ የመልሱ አንድ ስድስተኛ ነው። ጠፍጣፋ ድንጋይ ከሥሩ ማድረግ ያድናል። ሦስተኛው ነፋስ ነው፤ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለበት አገር እንደመሆኑ ሲባጎው ሲወዛወዝ ጋብ እስኪል መጠበቅ እንጂ በግምት ማንበብ አይገባም።

የዕቃው ትልቁ ጉድለት የፕላስቲክ መንጠቆው ነው፤ ቶሎ ይሰበራል፣ ከተጣመመም አረፋዋን ያሳስታል። ስለዚህ ሲገዙ እዚያው ሱቅ ውስጥ ሲባጎ አስወጥሮ አረፋዋን መሀል ማስገባት፣ ከዚያ ሲባጎውን ሳይነኩ ውሃ ልኳን አዙሮ ማንጠልጠል። አረፋዋ ቦታዋን ከለቀቀች ዕቃው አይገዛም።

የስልክ መተግበሪያስ? ለመጀመሪያ ግምት ይሆናል። ችግሩ ብዙዎቹ በዲግሪ ማንበባቸው ነው። ስልኩ 17 ዲግሪ ሲል 17 በመቶ ብሎ የመዘገበ ሰው 30.6 በመቶ የሆነ መሬት ላይ ቆሟል። 45 ዲግሪ 100 በመቶ ነው፤ የዲግሪውን ታንጀንት በ100 ማባዛት ግዴታ ነው።

ሜትር መሬት ላይ አስተኝቶ መለካትም እንዲሁ ያሳስታል። የተዳፋት ቀመር የሚፈልገው አግድም ርቀት ነው፤ ላይን ሌቭል ሲባጎው ራሱ አግድም ስለሆነ ይህን ያለ ሒሳብ ይሰጣል። 10 በመቶ በሆነ መሬት ላይ ልዩነቱ ከቁጥር አይገባም። 60 በመቶ በሆነ ዳገት ላይ ግን መሬት ለመሬት 10 ሜትር የለካ ሰው 51 በመቶ ያገኛል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በ1997 ዓ.ም የወጣውና በ2016 ዓ.ም በሌላ አዋጅ የተተካው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ከ60 በመቶ በላይ ያለውን መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ ከልክሎ ነበር፣ ከ31 እስከ 60 ባለው ላይ ደግሞ ዓመታዊ ሰብል የሚፈቅደው በጠረጴዛማ፣ ማለትም እንደ ደረጃ በተደለደለ፣ እርከን ብቻ ነበር።

መቶኛው ከታወቀ በኋላ የእርከን ርቀት ቀላል ነው፦ የሚፈለገው የከፍታ ልዩነት በ100 ተባዝቶ ለተዳፋቱ ይካፈላል። 1 ሜትር ልዩነት በ8.2 በመቶ ላይ 12.2 ሜትር ይሆናል። እርከኑ ራሱ ሲቀየስ ሲባጎው ሁለቱም ዘንግ ላይ በእኩል ከፍታ ይታሰርና አንዱ ዘንግ ባለበት ሲቆም ሌላውን የያዘው ሰው አረፋዋ መሀል እስክትገባ ዘንጉን ዳገቱ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ያዛውራል። በዚህ ጊዜ 10 ሴንቲ ሜትር የዘነጋ ቀያሽ ዝቅ ያለች ነጥብ ለውሃው አመቻቸለት፤ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ እዚያ ተጠራቅሞ እርከኑን በዚያው ይበጥሰዋል። ውሃ እንዲወርድ ለሚፈለግ ቦይ ደግሞ 0.5 በመቶ ማለት በየ10 ሜትሩ 5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ውሃው በሚወርድበት በኩል ባለው ዘንግ ላይ ሲባጎውን በዚያ ልክ ከፍ አድርጎ ማሰር ነው።